በባቲ በኩል የሚሄድ ኮንትራት የለም

ሐምሌ 23 በሰው መነገድን ለመከላከል የሚታሰብ ዓለም አቀፍ ቀን ነው። አዳራሽ ውስጥ ባነር ይሰቀላል፣ ቲሸርት ይታደላል፣ አዋጁ ከነአንቀጹ ይነበባል፣ ታዳሚው አጨብጭቦ አበሉን ፈርሞ ይወጣል። ችግሩ የተማሪው ፈተና ብዙውን ጊዜ ከዚያ ቀን በፊት ማለቁ ነው። ፈተና ያለቀበት ልጅ ሥራ ፈት ነው፤ ውጤቱን ይፈራል፣ ቤት ውስጥ ቢቀመጥ ያፍራል። ደላላው የሚጠብቀው ይህንኑ ሳምንት ነው። ስለዚህ በሐምሌ የሚደረግ ቅስቀሳ መኪናው ካለፈ በኋላ እጅ እንደማንሳት ነው። ወሎ ውስጥ ይህን ሥራ በሚያዝያና በግንቦት መሥራት ይሻላል።

የጊዜው ነገር ግን ቀላሉ ስህተት ነው። ከባዱ የሚነገረው ነገር ነው።

የባሕሩንና የበረሃውን አደጋ የማያውቅ ሰው በወሎ መፈለግ ድካም ነው። ሐምሌ 27 ቀን 2017 የመን አብየን ጠረፍ ላይ ጀልባ ተገልብጦ ከ90 በላይ ሰው አለቀ፤ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ከዚያ ቀደም ሲል፣ በነሐሴ 2015፣ ሂዩማን ራይትስ ዎች የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከየመን ሊሻገሩ በሞከሩ ኢትዮጵያውያን ላይ ተኩሰው በመቶዎች መግደላቸውን ዘግቧል። ይህን ሁሉ የሰማ ሰው ፊት ሬሳ የሚያሳይ ቪዲዮ መክፈት ምን ይጨምራል? አድማጩ «ቀኑ ከደረሰ ቤትም ይሞታል» ብሎ ይመልሳል። በዚህ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ነው። ሞቱን ለፈጣሪው የሰጠን ሰው በሞት ማስፈራራት አይቻልም።

ሰዉ የማያውቀው ጉዞው እንዴት እንደሚሸጥ ነው። መነገር ያለበትም እሱ ነው።

ደላላ ሲባል ብዙዎች የሚያስቡት ከሩቅ የመጣ እንግዳ ሰው ነው። ቀዬው ድረስ የሚመጣው ግን አብሮ የተማረ ልጅ ወይም የአክስት ልጅ ነው፤ አንዳንዴም ሳዑዲ ሆኖ በቲክቶክ የሰው መኪና ተደግፎ የሚታይ የሰፈር ልጅ ነው። በሚያመጣው ሰው ቁጥር ይከፈለዋል። ንግግሩ አጭር ነው። «ወንድሜ፣ አንተ ብር አታስብ፤ እዚያ ስትገባ ሠርተህ ትከፍላለህ። ባቲ ላይ ሰው ይቀበልሃል። ለቤት እንዳትናገር፣ እናትህ በከንቱ ታለቅሳለች።»

ይህችን ንግግር በየስብሰባው ጮክ ብሎ ማንበብና አንድ በአንድ መፍታት ከአንድ ሰዓት ንግግር ይበልጣል።

«ብር አታስብ» ማለት ዋጋው አልተነገረም ማለት ነው። ጉዞው ነጻ የሚሆነው ከፋዩ ሌላ ሰው ስለሆነ ነው፤ ያም ቤት የቀረችው እናት ናት። ልጁ ገንዘብ ይዞ ቢነሳ ደላላው የሚያገኘው ልጁ የያዘውን ያህል ብቻ ነው። ባዶ እጁን ቢነሳ ግን በሬውም፣ መሬቱም፣ የእህቱ ወርቅም፣ የጎረቤቱ ብድርም አብሮት ተነስቷል።

«ሰው ይቀበልሃል» ማለት ልጁ እንደ ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል ማለት ነው። ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ ሚሌ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ ሎጊያ፣ ከሎጊያ ወዲያ በጭነት መኪናና በእግር የአፋርና የጅቡቲ በረሃ፣ ከዚያ ኦቦክ ጠረፍ፣ ከኦቦክ በጀልባ የመን ላህጅ፣ ራስ አል-ዓራ የሚባለው ዳርቻ። በየመንገዱ የሚረከበው ሰው የቀደመው የገባውን ቃል አያውቅም፤ ቢያውቅም አያገባውም። ባቲ ላይ «ሠርተህ ትከፍላለህ» ያለው ልጅ የመን ላይ የለም። እዚያ ያለው ሆሽ ነው፤ በአጥር የተከበበ ግቢ። እዚያ ዱላው የሚጀምረው ማስለቀቂያ ገንዘብ ለመጠየቅ ወደ ቤት ስልክ እንደተደወለ ነው፤ ቤተሰብ ጩኸቱን እንዲሰማ ሆን ተብሎ። በሴቶቹ ላይ ከዱላው በተጨማሪ መደፈር አለ፤ እናቶች ባሉበት ይህን በዝርዝር ማውራት አያስፈልግም፣ እነሱም ያውቁታል።

«ለቤት እንዳትናገር» ደግሞ ሁለት ሥራ ይሠራል። መጀመሪያ ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ያስወግዳል። ቀጥሎ ስልኩ የሚደወል ዕለት ቤቱ ያልተዘጋጀ እንዲሆን ያደርጋል። ልጁ ደሴ ሥራ ፍለጋ የሄደ የመሰላት እናት ከየመን ሲደወልላት ማሰብ አትችልም፤ የተባለችውን ትሸጣለች። ደላላ ሁሉ ለምን ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር እንደማይረሳ ልብ ይሏል።

ሕጉ ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም፤ አንድ ነገር ግን በግልጽ መነገር አለበት። አዋጅ ቁጥር 1178/2012 በሰው መነገድንና ሰውን በሕገወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርን ይለያል። ማሻገር ከድንበሩ ወዲያ ይጠናቀቃል፤ በሰው መነገድ ግን ሰውየውን ለብዝበዛ መያዝ ነው። በምሥራቁ መስመር፣ ማለትም በጅቡቲና በየመን በኩል፣ ያው ጉዞ እንደ ማሻገር ይጀምርና ሆሽ ሲደርስ ንግድ ይሆናል። ተጎጂው ወንድ ከሆነ ከ7 እስከ 12፣ ሴት ወይም ሕፃን ከሆነ ከ10 እስከ 20 ዓመት ያስቀጣል። ዕድሜው ከ18 በታች ከሆነ «ፈቅዶ ነው የሄደው» የሚለው መከራከሪያ አይሠራም። ተጎጂው በመሄዱ አይከሰስም። ይህ የመጨረሻው ሦስቴ ቢደገም አይበዛም፤ ብዙ ቤት አፉን የሚዘጋው ልጄን አሳስራለሁ ብሎ ስለሚፈራ ነው።

ስብሰባውን የት ማድረግ? ቅሬ ላይ፤ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። ሐዘን የሚሸፍነው፣ ለቅሶ የሚቀመጠው፣ ለማስለቀቂያ የሚያዋጣውም ያው ቅሬ ስለሆነ ጉዳዩ የራሱ ነው። ሰው ከ15 እስከ 20 ቢሆን ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ የሚናገሩት ሦስት ሽማግሌዎች ብቻ ይሆናሉ። እናቶችን ለብቻ ማድረግ ያዋጣል፤ ወንዶች ባሉበት «እኔ ነኝ ፍየሏን ሸጬ የላክሁት» የምትል ሴት አትገኝም። ሰኞ ለባቲ አካባቢ አይሆንም፣ ገበያ ነው። ለሌላውም ቦታ የገበያውን ቀን ቀድሞ መጠየቅ ነው። ጊዜው ቡናው ነው፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ።

በአቦል መጠየቅ ብቻ። ከዚህ ቅሬ ዘንድሮ ስንት ልጅ ወጣ? በምን ወጣ? ስንቱ ደወለ? መልሱን ማረም፣ መምከር የለም።

በቶና ሰፌድና አንድ እፍኝ በቆሎ ይምጣ። አንድ ፍሬ 5 ሺህ ብር ይሁን። አንዲት እናት የአንድ ቤት ንብረት ትቁጠር፤ በሬው ስንት ፍሬ ነው፣ ፍየሎቹ ስንት፣ የልቃቂት ሽያጭና የቤት ቁጠባ ስንት። ዋጋውን የሚጠሩት እነሱ ናቸው፤ የገበያቸውን ዋጋ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ሃያ ፍሬ ተቆጠረ እንበል። የመጀመሪያው ስልክ ተደወለ፤ ስንት ፍሬ ይነሳ? የሰሙትን ይናገራሉ፣ ፍሬው ይነሳል። ሰፌዱ ባዶ ከሆነ የቅሬው ሴቶች ከጎረቤት ቤት ፍሬ ማምጣት ይጀምራሉ፤ ይህ ሳይነገራቸው የሚሆን ነገር ነው፣ ተዉት። ቀጥሎ ሁለተኛ ስልክ፤ ልጁ ተከፍሎበት ለሌላ ቡድን ተላልፏል። ይህ በተግባር የሚሆን ስለሆነ ማጋነን አይደለም። አሁን ሰፌዱ ላይ ያለው የሰው ገንዘብ ብቻ ነው። ከዚያ ይጠየቅ፤ ልጁ ቢገባና በየወሩ አንድ ፍሬ ቢልክ፣ የተነሳው ሁሉ በስንት ወር ይመለሳል? አራጣው ሲጨመርስ?

ይህ መልመጃ የሚበላሽባቸው ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው፣ አወያዩ ቁጥር ሲጠራ ነው። «መቶ ሃምሳ ሺህ ይጠይቃሉ» ብሎ ሲጀምር አንዱ «የእኔ እህት ልጅ በሰማንያ ነው የወጣ» ይላል፣ ክርክሩ ዋጋ ላይ ይሆንና ነገሩ ይሞታል። ሁለተኛው ክፉ ነው፤ በዚያ ሰዓት ማስለቀቂያ እያዋጣ ያለ ቤት እዚያው ተቀምጦ ሲገኝ ነው። ፍሬ ሲነሳ ማየት ለዚያች እናት ስቃይ ነው። ከስብሰባው በፊት የቅሬውን ዳኛ፣ ማለትም መሪውን፣ መጠየቅ ግዴታ ነው።

እዚህ ላይ አንዷ ተነስታ የምትለው ይታወቃል፤ «የእነ እከሌ ልጅ ግን ሄዳ ይኸው ባለ ቆርቆሮ ቤት ሠራችላቸው።» አዎ ሠርታለች። ብዙ ቀበሌ ውስጥ ከሣር ቤቶች መካከል የሚያብረቀርቀው ጣሪያ ከአረብ አገር የመጣ ነው፤ ይህን የሚክድ አወያይ ከዚያ በኋላ የሚናገረውን ማንም አይሰማውም። መሬቱ ለልጅ ልጅ አይበቃም፤ በ2014 ጦርነቱ በወሎ ካለፈ በኋላም የተዘረፈው ቤት ሁሉ አልሞላም። ስለዚህ መካድ ሳይሆን መጠየቅ ነው የሚሻለው። ልጅቷ በየትኛው ዓመት ሄደች? በአውሮፕላን ነው በእግር? አብረዋት በዚያ ሳምንት የወጡት ስንት ነበሩ፣ የት አሉ? ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ቤቱን ጸጥ ያደርገዋል። ጸጥታውን በንግግር አትሙሉት።

ሂዱ አትበሉ፣ አትሂዱ ብቻም አትበሉ። በ2006 ሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ መንግሥት ወደ አረብ አገራት ለሥራ መሄድን ከልክሎ ነበር፤ እገዳው እስከ 2010 ቆየ። ሕጋዊው በር ሲዘጋ ሰዉ በበረሃው ሄደ። «አትሂዱ» ብቻ የሚል ቅስቀሳ ያንኑ ይደግማል፤ መሄድ የቆረጠው ልጅ ጥያቄውን ይዞ ወደ ደላላው ይመለሳል። ሕጋዊው መንገድ ምን እንደሚመስል በትክክል ማወቅ ደግሞ ሐሰተኛውን ለመለየት ዋናው መሣሪያ ነው።

ከሁሉ የሚቀድመው ምልክት ይህ ነው፤ በኮንትራት፣ ማለትም በሕጋዊ የሥራ ውል፣ የሚኬደው ከቦሌ በአውሮፕላን ነው። በባቲ በኩል የሚሄድ ኮንትራት የለም። በሚሌ፣ በሎጊያ፣ በሰመራ በኩል የሚሄድ «ቪዛ» የሚባል ነገርም የለም። ከገበያ ሕዝብ መካከል በሞንታርቦ የሚነገር ከሆነ ይህችን ብቻ ተናግሮ መውረድ ነው፤ በገበያ ጫጫታ ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር የሚሰማ የለም።

ቀጥሎ ያለው የወጪ ጥያቄ ነው። በውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ 923/2008 የመግቢያ ቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትኬቱን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ኢንሹራንሱን የሚከፍለው አሠሪው ነው። ሠራተኛዋ የምትከፍለው ለፓስፖርት፣ ለጤና ምርመራ፣ ለክትባት፣ ለልደት ማስረጃና ለሰነድ ማረጋገጫ ነው። «ለቪዛ ይህን ያህል አምጪ» ያለ ሰው ኤጀንሲ ነኝ ቢልም ያው ደላላ ነው። ኤጀንሲው ፈቃድ እንዳለው በወረዳው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ይጠየቃል፤ ምዝገባውም እዚያው ነው የሚጀምረው። ዕድሜ 18 መሙላት፣ ሲኦሲ የሚባለውን የብቃት ምዘና ማለፍ፣ የቅድመ ጉዞ ሥልጠና መውሰድ ግድ ነው። ዕድሜ ጨምሮ መታወቂያ የሚያወጣላት ሰው ልጅቷን እየረዳት አይደለም፤ እዚያ ስትደርስ ስንት ዓመቷ እንደሆነ የሚያሳይ ወረቀት እንዳይኖራት እያደረገ ነው።

የጉብኝት ቪዛ የሥራ ቪዛ አይደለም። የዑምራ ቪዛም አይደለም፤ በተለይ ረመዳን ሲቃረብ የቤት ሠራተኛ ፍላጎት ስለሚጨምር ይህ ማታለያ ይበዛል። በዑምራ ገብታ የቀረች ልጅ ኮንትራትም ኢቃማም (የመኖሪያ ፈቃድ) የላትም፤ ደመወዟን የከለከላትን ሰው በምንም አትከስም። በኮንትራት ገብታም አደጋው አያልቅም። እዚያ ያሉ ደላሎች «እመቤትሽን ትተሽ ውጪ፣ እጥፍ የሚከፈል ሥራ አለ» ይላሉ። ወጣች ማለት አሠሪዋ ሁሩብ፣ ማለትም ጠፍታለች ብሎ፣ ያስመዘግባታል፤ ከዚያ በኋላ ኤምባሲም ሆነ ኤጀንሲ በቀላሉ አይደርስላትም።

ከመሄዷ በፊት ቤት የሚቀር ወረቀት አለ፤ የፓስፖርቷ ኮፒ፣ የኮንትራቱ ኮፒ፣ የኤጀንሲው ስምና ስልክ፣ የአሠሪው ስምና ከተማ። እሷ ደግሞ የቤት ስልክ ቁጥሩን በቃሏ ትያዝ። ስልኳ መጀመሪያ የሚወሰድባት ነገር ነው፣ ቁጥሩ ስልኳ ውስጥ ብቻ ከሆነ አብሮ ጠፋ።

ባሕር ማዶ የማይሻገረውን ንግድ በአጭሩ ልንካው። «ላስተምራት» የሚለው ቃል ነው። ከገጠር ወደ ደሴ፣ ወደ ኮምቦልቻ፣ ወደ አዲስ አበባ አሥር ዓመት ያልሞላት ልጅ በዘመድ እጅ ትወሰዳለች። ጥሩ ዘመድ አለ፣ ይህ አይካድም። መለያው ትምህርት ቤት ነው፤ መስከረም ላይ የትኛው ትምህርት ቤት፣ ስንተኛ ክፍል፣ መምህሯ ማን? መመዝገቧን የሚያሳይ ወረቀት በስልክ ፎቶ ተነስቶ ይላክ። ይህን ሲጠየቅ የተቆጣ ዘመድ መልሱን ሰጥቷል።

በረካ ሲቀዳ ስለ ስልኩ ይነገር። ልጁ አስቀድሞ ሄዶ ቢሆንስ? ጥሪው ብዙ ጊዜ ማታ ይመጣል፤ 967 ከሆነ የመን፣ 253 ጅቡቲ፣ 966 ሳዑዲ ነው። ቁጥሩ ከነመነሻው፣ ቀኑና ሰዓቱ ደብተር ላይ ይጻፍ። ልጁን አገናኙኝ ማለት፤ ሲገናኝ ከቤት ሰው በቀር ማንም የማያውቀውን አንድ ነገር መጠየቅ፤ ያረድነው የዓረፋ በግ ምን ዓይነት ነበር፣ የሞተችው ጊደር ስሟ ማን ነበር። ይህ ለምን? ዘመድ ተጨንቆ የልጁን ፎቶና ስም ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ ይለጥፋል፤ ያን ያየ አጭበርባሪ ልጁን ሳይዝ «ልጅሽ እኛ ጋ ነው» ብሎ ይደውላል። ፎቶ አለመለጠፍ ይመረጣል። ከተለጠፈም ስልክ ቁጥር አብሮ አይሁን።

የሒሳብ ቁጥሩ ዋናው ነገር ነው። ማስለቀቂያው ብዙ ጊዜ የሚገባው እዚሁ አገር ባለ የባንክ ሒሳብ ነው። ባለ ሒሳቡ የመን አይደለም፤ አዲስ አበባ ወይም ሌላ ከተማ ያለ ሰው ነው፣ ስም አለው፣ ሒሳቡን የከፈተበት ቅርንጫፍ አለ። ስሙ፣ ቁጥሩ፣ ባንኩ፣ የገባው ገንዘብ ደረሰኝ ይቀመጥ፤ ለወረዳው ፖሊስ የሚቀርበው ይህ ነው። «ልጄን ይዘዋል» ከሚል ቃል አንድ የባንክ ደረሰኝ ለመርማሪ ይጠቅማል። ይክፈሉ አይክፈሉ የሚለውን ማንም ውጭ ሆኖ ሊወስንላቸው አይገባም፣ የሚጮኸው ልጅ የእነሱ ነው። ከከፈሉም ግን አንዴ በሙሉ አይሁን፤ ከእያንዳንዱ ክፍያ በፊት ልጁን በድምፅ ማግኘት ይገባል። ደረሰኝ መጣል ግን የለም፣ ልጁ ከተመለሰ በኋላም ቢሆን።

በመጨረሻ ስለ ተመላሾች። የተመለሰች ልጅ መድረክ ላይ አቁሞ «ያጋጠመሽን ንገሪን» ማለት የተለመደ ነው፣ ልማዱም መጥፎ ነው። አዳራሹ ያለቅሳል፣ እሷ በማግስቱ «ያቺ የተደፈረችው» ትባላለች፤ ለጋብቻም ለሥራም ስሟ ይበላሻል። ፈቃደኛ ከሆነች ከራሷ ቀበሌ ውጪ ትናገር፤ ምን እንደማትጠየቅ ቀድማ ትንገር፤ የምትናገረውም ስለ ደረሰባት ነገር ሳይሆን ስለ ደላላው ንግግርና ስለ መንገዱ ይሁን። ካሜራ አይኑር፤ ስልክ የሚያወጣም ካለ ይከልከል። ለጊዜዋ ይከፈላት፣ ለሥልጠና ሰጪ ይከፈል የለ። ከስብሰባው በኋላ ደግሞ ቤቷ ድረስ የሚሸኛት ሰው ማን እንደሆነ ቡናው ሳይቀዳ ይወሰን።